በጠረጴዛ ላይ የሚሮጥ የእንፋሎት ባቡር

በብሪታንያ ዋና ዋና መስመሮች ላይ የእንፋሎት ባቡር መደበኛ አገልግሎቱን ያቆመው በ1968 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀደም ብሎም ሎኮሞቲቮቹ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትቱት ማሽኖች፣ በብረትነታቸው ብቻ ተተምነው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። በደቡብ ዌልስ ባሪ በምትባል የወደብ ከተማ የነበረ አንድ ነጋዴ ግን ፉርጎ መቆራረጥ ስለሚቀልለው ሎኮሞቲቮቹን ለኋላ አቆያቸው። ዝገት እየበላቸው ቆመው ሳለ የባቡር ወዳጆች ገንዘብ እያዋጡ አንድ በአንድ ይገዟቸው ጀመር። ከ200 በላይ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ከመቆራረጥ ተረፉ። ብዙዎቹም ተጠግነው እንደገና ሰው ጭነው ሄደዋል።

ሰው ለአሮጌ ብረት ይህን ያህል የሚደክመው ለምንድን ነው? በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት የእንፋሎት ባቡር ሥራውን የማይደብቅ ማሽን መሆኑ ነው። የናፍጣውም የኤሌክትሪኩም ባቡር ሞተሩን በቆርቆሮ ሸፍኖ ይሄዳል። የእንፋሎቱ ግን ሁሉንም ነገር በውጭ ያሳያል። የድንጋይ ከሰሉ በእሳት ማንደጃው ውስጥ ይነዳል። የእሳቱ ትኩስ ጋዝ በውኃ በተሞላው ቦይለር መሃል በተዘረጉ ቱቦዎች ውስጥ እያለፈ ውኃውን ያፈላል። ታምቆ የቆየው እንፋሎት ወደ ሲሊንደሩ ሲለቀቅ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም በረጅም የብረት ዘንግ አማካይነት ጎማዎቹን ያዞራል። ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ ሐዲዱ ዳር ቆሞ ማየት ይቻላል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ትንፋሹ ነው። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል እየተተፋ ሲወጣ ጭሱን አብሮ ይስባል፤ በዚህም እሳቱ አዲስ አየር ያገኛል። ባቡሩ ዳገት ላይ ሲበረታ ትንፋሹ ይጠነክራል፣ እሳቱም ያንኑ ያህል ይግላል። «ቹፍ ቹፍ» የሚለው ድምፅ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሁለት ሲሊንደር ያለው ሎኮሞቲቭ ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጆሮ ያለው ሰው ፍጥነቱን ቆጥሮ ሊገምት ይችላል። ይህን ትንፋሽና ብዙ ቱቦ ያለውን ቦይለር አንድ ላይ አድርጎ ዓለምን ያሳመነው በ1829 በእንግሊዝ ሬይንሂል በተባለ ቦታ በተደረገው የሎኮሞቲቮች ውድድር ያሸነፈው የመሐንዲሶቹ የእስቲቨንሰኖች «ሮኬት» ነበር፤ 25 የመዳብ ቱቦዎች ነበሩት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጁላይ 1938 ላይ፣ «ማላርድ» የተባለው ሰማያዊ ሎኮሞቲቭ በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ከውስጥ ያለው አንድ ኩሽኔታው በሙቀት ተጎድቶ ጉዞውን መጨረስ አልቻለም፤ ሪከርዱ ግን በእንፋሎት ባቡር እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ማየት ለሚፈልግ ዮርክ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

እንግዲህ ሁሉም ሰው 100 ቶን ብረት ገዝቶ ጓሮው ሊያቆም አይችልም። ሞዴል ባቡር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ቢጀምርም በ1891 መርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሐዲዱን ስፋት መደበኛ ማድረጉ ለውጥ አመጣ። ዛሬ የተገዛ ሐዲድ ነገ ከሚገዛው ጋር ይገጥማል ማለት ነው። በሊቨርፑል ደግሞ ፍራንክ ሆርንቢ በ1920 በመጠምዘዣ የሚሄዱ ባቡሮችን መሸጥ ጀመረ፤ ስሙ እስከ ዛሬ በሳጥኖች ላይ አለ።

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልኬት 1 ለ 87 ነው። እውነተኛው 1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በዚህ ልኬት ሲቀነስ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግሊዞች ግን እዚህ ላይ አንድ ጉድ ሠርተዋል። ድልድያቸውና ዋሻቸው ጠባብ ስለሆነ ሎኮሞቲቮቻቸው ከሌላው አገር ያንሳሉ፤ በጊዜው የነበረው ሞተር በትንሹ አካል ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ አካሉን ወደ 1 ለ 76.2 አሳድገው ሐዲዱን ባለበት ተዉት። ውጤቱ ለባቡሩ የሚጠብ ሐዲድ ነው። አብዛኛው ሰው ልብ አይለውም። ጥቂቶች ግን እንቅልፍ አጥተውበት ትክክለኛውን 18.83 ሚሊ ሜትር በእጃቸው ይዘረጋሉ። እልከኝነት ነው ቢባልም እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ።

አሠራሩ ለጀማሪ አያስቸግርም። ሁለቱ ሐዲዶች እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይሸከማሉ፤ ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲቀያየር ወደ ኋላ ይሄዳል። በአዲሱ ዲጂታል ዘዴ ደግሞ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር ስላለው በአንድ ሐዲድ ላይ ብዙዎችን ለየብቻ ማዘዝ ይቻላል።

ደስታው ግን ባቡሩን ከማዞር ይልቅ በዙሪያው ያለውን ከመሥራት ይመጣል። ለምሳሌ በሐዲዱ መሃል የሚፈሰው ጠጠር። ደቃቁ ጠጠር በብሩሽ ይስተካከላል፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ የተደረገበት ውኃ በስሱ ይረጭበታል፤ ከዚያ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በጠብታ ይሰጠዋል። ሳሙናው ከሌለ ኮላው ጠጠሩ ላይ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል እንጂ አይሰርግም። አዲስ ቀለም የተቀባን ሎኮሞቲቭ በጥላሸትና በዝገት ቀለም ማቆሸሽም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንዳንዶች አንድን ጣቢያ በአንድ የተወሰነ ዓመት እንደነበረ ሠርተው በዚያው ዓመት የጉዞ ሰዓት ያንቀሳቅሱታል። የ«ቶማስ» ባቡር ታሪኮች ደራሲ ቄስ ኦድሪም ሞዴል ሠሪ ነበሩ። ሞዴል ከመሥራታቸውም በላይ ከ1951 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች በሚመራው የዌልሱ ታሊስሊን ባቡር አገልግለዋል።

ይህን ለእኛው ባቡር ማድረግ ይቻላል? በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በ1 ለ 87 ልኬት ለእንዲህ ያለ መስመር የሚያገለግል 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አለ፤ የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች የሚሠሩ ሰዎች ስለሚጠቀሙበት በገበያ ላይ ይገኛል። ለገሃርን ወይም የድሬዳዋን ጣቢያ ግን በልኩ የሚሠራ ሰው የበሩን ቁመት፣ የመስኮቱን ስፋት፣ የፉርጎውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ማወቅ አለበት፤ ያ ካልተገኘ ሥራው ግምት ነው። ስለዚህ አባትዎ ወይም አያትዎ በምድር ባቡር የሠሩ ከሆነ የቤቱን ፎቶግራፎች ያውጡና ከጀርባቸው ቦታውንና ዓመቱን ይጻፉ። ድሬዳዋ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ሜትር ይዘው የቆሙትን ፉርጎዎች ይለኩ።