ከአሲዱ በላይ ያለው ክፍት ቦታ፦ የመኪና ባትሪ ፍንዳታ መንስኤና መከላከያው

የመኪና ባትሪ ሲፈነዳ በአቅራቢያው ያለውን ሰው የሚያቃጥለው አሲድ በመሆኑ የአደጋው መንስኤም አሲዱ እንደሆነ ይታሰባል። ይሁን እንጂ ሰልፈሪክ አሲድ በፍንዳታው ይረጫል እንጂ ራሱ አይፈነዳም። የሚፈነዳው ከፈሳሹ በላይና ከክዳኑ በታች ባለው ጠባብ ክፍት ቦታ የሚጠራቀመው ጋዝ ነው።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ 6 ሴሎች አሉት። በቻርጅ ጊዜ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ 2.4 ገደማ፣ የባትሪውም 14.4 ገደማ ሲደርስ ከኤሌክትሪኩ ከፊሉ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መከፋፈል ይጀምራል። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ተደባልቆ ከ4 እስከ 75 ከመቶ በሚደርስ መጠን ሲገኝ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ለዚህም 0.02 ሚሊጁል ገደማ ኃይል ይበቃዋል። ይህ ሰው በቆዳው ሊያውቀው ከሚችለው ብልጭታ እጅግ ያነሰ ነው። በሴሉ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሁለቱ ጋዞች የሚወጡት ተመልሰው ውሃ ለመሆን በሚያስፈልጋቸው ልክ፣ ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ነውና።

ብልጭታው ከውጭ ወይም ከውስጥ ሊመጣ ይችላል። የውጭው የታወቀ ነው። ባትሪው የደከመን መኪና ከሌላ መኪና በኬብል ለማስነሳት ሲሞከር የመጨረሻው ጫፍ በሚነካበት ቅጽበት ብልጭታ ይፈጠራል። ስለዚህ ፖዘቲቩ ኬብል አስቀድሞ ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከረጂው ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል፤ ኔጋቲቩ ከረጂው ኔጋቲቭ ጋር ከታሰረ በኋላ ሌላው ጫፉ ከደከመው ባትሪ ራቅ ባለ፣ ቀለም ባልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ይታሰራል። ሲፈታም በተገላቢጦሽ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ብልጭታውን ከጋዙ ያርቀዋል እንጂ አያስቀረውም። ምክንያቱን ሳያውቅ ቅደም ተከተሉን ብቻ የያዘ ሰው በጥድፊያ ጊዜ የመጨረሻውን እርምጃ ቢዘል አያስገርምም።

የውስጡ ብልጭታ ግን የሚገባውን ያህል አይወሳም። በሙቀትና ከመጠን ባለፈ ቻርጅ ውሃው ሲቀንስ የጋዙ ቦታ ይሰፋል፤ በፈሳሹ ተሸፍነው የነበሩት ፕሌቶችና ማያያዣዎቻቸውም ይጋለጣሉ። ዝገት የበላው ማያያዣ ሞተሪኖው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በሚስብበት ቅጽበት ሊላቀቅና ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። ሾፌሩ ቁልፍ ከማዞር በቀር ምንም ሳያደርግ ባትሪው ሊፈነዳ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፤ የኬብል ጥንቃቄም እዚህ ላይ አይረዳም። የሚረዳው የውሃውን ልክ በየጊዜው ማየት (በክብሪት ብርሃን ሳይሆን በእጅ ባትሪ)፣ ሲጎድል የተጣራ ውሃ መጨመርና የዲናሞው ቮልቴጅ ከልክ እንዳያልፍ ማስለካት ነው። እንደ አፋር ባሉ ሞቃታማ ቆላዎች በሚሠሩ መኪኖች ላይ ምርመራው ይበልጥ መደጋገም ይኖርበታል። ውሃ የማይጨመርባቸው ባትሪዎችም የጋዝ መተንፈሻ ስላላቸው ከዚህ ጥንቃቄ ውጭ አይደሉም፤ መተንፈሻው በአቧራና በጭቃ መደፈን የለበትም።

በባትሪ ላይ የሚሠራ ሰው የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ አለበት። በመኪናው አካል ላይ የፈሰሰን አሲድ በቤኪንግ ሶዳ ማርከስ ቢቻልም ዓይን ውስጥ ግን ከንጹሕ ውሃ በቀር ምንም አይጨመርም፤ ተጎጂው ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ከታጠበ በኋላ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።