ቁልቁል ወደ ፌስ

(ድምፅ፦ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የበቅሎ ኮቴ፤ ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ፤ የአንድ ሰው ጩኸት፦ «ባላክ! ባላክ!»)

ተራኪ፦ ይህን ጩኸት ሲሰሙ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበሉ። ዞር ብሎ ለማየት ጊዜ የለም። ከኋላዎ የጋዝ ሲሊንደር ወይም እርጥብ ቆዳ የተጫነች በቅሎ እየመጣች ነው፤ መንገዱ ደግሞ ለሁለታችሁ አይበቃም። ወደ ሞሮኮዋ ፌስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከሰላምታም በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህን ማስጠንቀቂያ ነው።

አሮጌው ከተማ ፌስ ኤል ባሊ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኢድሪሳውያን ሥርወ መንግሥት ዘመን ተቆረቆረ። ቀጥሎ በነበረው ክፍለ ዘመን ከስፔኗ ኮርዶባ የተሰደዱ ቤተሰቦች በመሐሉ በሚያልፈው ወንዝ አንድ ዳር፣ ከቱኒዚያዋ ከይሩዋን የመጡት በሌላው ዳር ሰፈሩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በጠባብ መንገዶቹ መኪና አይገባም። ዱቄቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ለስላሳ መጠጡም የሚጓዘው በበቅሎ፣ በአህያ፣ በእጅ ጋሪና በሰው ትከሻ ነው። ጎብኚው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ፌስ ሥራ ላይ ያለ ከተማ ነው። እንግዳ የሚመቸው ለሥራው መንገድ ሲለቅ ነው።

(ድምፅ፦ የበር ላይ ግርግር፤ የብርጭቆ ኳኳታ)

ተራኪ፦ አብዛኛው ጎብኚ የሚገባው በባብ ቡጀሉድ ነው። ከውጭ ሰማያዊ፣ ከውስጥ አረንጓዴ ሸክላ የለበሰው ይህ በር የዛሬ መልኩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ከበሩ ሁለት ዋና መንገዶች ይነሣሉ፤ ታላ ከቢራ እና ታላ ስጊራ። ሁለቱም ወደ ከተማው እምብርት፣ ወደ ቀረዊዪን መስጊድ አካባቢ፣ ቁልቁል ይወርዳሉ። ይህን ይያዙ። በሺህ በሚቆጠሩት ቅያሶች ውስጥ ሲጠፉ፣ መጥፋትዎ ደግሞ አይቀርም፣ ቁልቁለቱ ወደ መሐል፣ ዳገቱ ወደ በሩ ይመልስዎታል። የስልክ ካርታ በረጃጅም ግድግዳዎች መካከል ይሳሳታል፤ ቁልቁለቱ ግን አይሳሳትም።

ግራ መጋባትዎን ያየ ወጣት «መንገዱ ተዘግቷል፣ በዚህ ላሳይዎ» ሊልዎ ይችላል። ብዙ ጊዜ መንገዱ አልተዘጋም፤ የሚፈለገው ክፍያ ነው። ሳይቆጡና ሳይቆሙ «ላ፣ ሹክራን»፣ ማለትም «አይ፣ አመሰግናለሁ»፣ ብለው ይለፉ። መንገድ መጠየቅ ካስፈለገዎ ሱቁ ውስጥ የተቀመጠን ባለ ሱቅ ይጠይቁ፤ ሥራውን ጥሎ አይከተልዎትም። ለመጀመሪያው ቀን አስጎብኚ ከፈለጉ ሕጋዊ መታወቂያ ያለውን ይቅጠሩ፤ ዋጋውንም ሆነ ሱቅ መግባት አለመፈለግዎን ከመነሣትዎ በፊት ይነጋገሩ። አስጎብኚ ይዞዎት በገባበት ሱቅ የእሱ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ላይ ይታከላል።

ቀረዊዪን እ.ኤ.አ. በ859 ፋጢማ አል ፊህሪ በምትባል የነጋዴ ልጅ እንደተመሠረተ ይነገራል፤ በዓለም ላይ ሳይቋረጡ ከዘለቁ የትምህርት ተቋማት ቀዳሚው እንደሆነም ይጠቀሳል። ሙስሊም አድማጮቻችን ገብተው መስገድ ይችላሉ። ሙስሊም ላልሆነ ግን፣ እንደ አብዛኞቹ የሞሮኮ መስጊዶች፣ ክልክል ነው፤ በሩ ሲከፈት ከውጭ ቆሞ ግቢውን ማየት ይቻላል። እንጨቱንና ጌጡን በቅርብ ለማየት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩትን የቡ ኢናኒያና የአታሪን መድረሳዎች ይግቡ። እነሱ ለሁሉም ክፍት ናቸው።

(ድምፅ፦ ውሃ ሲንቦጫረቅ፤ የሠራተኞች ንግግር)

ተራኪ፦ ወደ ሹዋራ ቆዳ ማልፊያ በጠዋት ይሂዱ፤ ሥራው የሚደምቀው ያን ጊዜ ነው። የሚታየው በዙሪያው ካሉ የቆዳ ሱቆች ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። በር ላይ አንድ ዘለላ ናና ይሰጥዎታል፤ ለሽታው ነው። ነጫጮቹ ገንዳዎች ኖራና የእርግብ ኩስ የተበጠበጠባቸው ናቸው። ኖራው ጠጉሩን ያላቅቃል፣ ኩሱ ቆዳውን ያለሰልሳል። ከዚያ ቆዳው ወደ ቀለም ገንዳዎቹ ይሻገራል። ሰዎቹ ገንዳው ውስጥ ቆመው፣ እስከ ጭናቸው ተነክረው፣ በእግራቸው ይረግጡታል። ሰገነቱ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው የሚሳሳቁ ጎብኚዎች ሲያጋጥሙኝ ይከፋኛል። ከታች ያለው ሰው ቀና ብሎ ያያቸዋል። እርስዎ ዝም ብለው ይመልከቱ። ሰው ለይተው ፎቶ ማንሣት ከፈለጉ ያስፈቅዱ። ሲወጡ ሻጩ ዕቃ ያሳይዎታል፤ ካልፈለጉ አለመግዛት ነውር የለውም፤ ለሰገነቱ ጥቂት ድርሃም መተው ግን ደግ ነው።

ቁርስ ላይ ቢሳራ ይፈልጉ። ከባቄላ ክክ የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ሲሆን የወይራ ዘይትና ከሙን ይደረግበታል፤ በሹሮ ላደገ ሰው ባዳ አይሆንበትም። ጾመኛ ከሆኑ ይህና ዛሉክ የሚባለው የደበርጃን ምግብ ያዋጣሉ። ሀሪራ ሾርባ ግን ብዙ ጊዜ ሥጋ ስላለበት አስቀድመው ይጠይቁ። በየሰፈሩ ፈራን የሚባል የጋራ ምድጃ አለ፤ ከየቤቱ የተላከው ሊጥ እዚያ ይጋገራል። በሩ ላይ ቆመው ቢያዩ የሚከለክልዎ ብዙም የለም። ሊጥ የተሸከመ ልጅ ሲመጣ ግን ያሳልፉት።

ዓርብ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ቤተሰብ ኩስኩስ ዙሪያ ይሰበሰባል። ለገበያ ሌላ ቀን ይምረጡ፣ ዓርብን ለእግር ጉዞ ይተዉት። በረመዳን ቀን ላይ ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ የሀገሪቱ ሰዓትም በዚያ ወር በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ የበረራና የባቡር ሰዓትዎን ደግመው ያረጋግጡ።

(ድምፅ፦ የመዳብ መቀጥቀጥ፣ ቀረብ ብሎ)

ተራኪ፦ ዕቃ ለመግዛት ከቀረዊዪን አጠገብ ያለው የሰፋሪን አደባባይ ምርጫዬ ነው። መዳብ ቀጥቃጮቹ ለሠርግ የሚሆኑ ግዙፍ ድስቶችን እዚያው ይሠራሉ፤ ከሠሪው እጅ ይገዛሉ። ዋጋ መከራከር ልማድ ነው፤ ሊገዙት ባላሰቡት ዕቃ ላይ ግን ዋጋ አይጥሩ፤ ሻጩ ከተስማማ በኋላ ትቶ መሄድ ያስቀይማል። ከኢትዮጵያ እንደመጡ ሲናገሩ የሩጫ ወሬ ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላን ተከትሎ ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ በ2004 በአቴንስ ደግሞ ሂሻም ኤል ጌሩጅ በ5,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለን ቀድሞታል። ይህን ማወቅ ለሻይ ያስቀምጥዎታል።

ዝርዝር ገንዘብ አይለይዎት፤ ትልልቅ ኖት የሚመልስ ሱቅ ጥቂት ነው። ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ ቀዮቹን ትንንሽ ታክሲዎች ሲይዙ ቆጣሪው መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ማታ ታሪፉ ይጨምራል። የተረፈዎትን ድርሃም ደግሞ ከሞሮኮ ሳይወጡ ይመንዝሩት፤ በሌላ ሀገር የሚቀበልዎ ማግኘት ይቸግራል።