የሐይቁ ማሳከክ፤ ጥፋቱ የዳክዬዋ ነውን?

ከማስተማር ልምምድ የተመለሱ ጓደኞቻችን ሐይቅ ዳር ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ጥያቄ ይዘውልን መጥተዋል። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ከክፍል ሲለቀቁ ሮጠው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። ከውሃው ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ እግራቸውንና ወገባቸውን ማከክ ይጀምራሉ፤ በማግስቱ ቀያይ ሽፍታ ወጥቶባቸው ይመጣሉ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ይኼ ነገር ከዳክዬ ኩስ ነው ይሉናል፤ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛችንም ቶሎ ብሎ «አዎን፣ ከወፎቹ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይጠፋል» ሲል መለሰ። በማግስቱ ልጆቹ ዳክዬዎቹን በድንጋይ ሲያሳድዱ አገኛቸው።

መልሱ ትክክል ነበር ወይ በማለት አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከርን። ግማሹ ትክክል ነው። የቀረው ግማሽ ግን ልጁን ሊጎዳው ይችላል፤ ስለዚህም ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ፈለግን።

ትክክል ከሆነው እንጀምር። የዋናተኞች ማሳከክ የሚባለው ሕመም ምክንያቱ የተገለጸው ከእኛ አገር ርቆ፣ በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በሚገኘው በዳግላስ ሐይቅ ነው። ዊልያም ኮርት የተባለው ተመራማሪ እዚያ በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሲሠራ የገዛ ቆዳው አሳከከው። ነገሩን ተከታትሎ፣ የሚያሳክከው ውሃው ሳይሆን ከቀንድ አውጣው የሚወጣ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር የትል እጭ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1928 አሳወቀ። ዛሬ ይህ ሕመም ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር ይታወቃል።

የትሉ ኑሮ እንዲህ ነው። ትሪኮቢልሃርዚያ የተባሉት ትሎች የሚያድጉት በዳክዬ፣ በዝይና በመሳሰሉት የውሃ ወፎች ደም ሥር ውስጥ ነው። ብዙዎቹ በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ይቀመጣሉ፤ እንቁላላቸው ከኩሱ ጋር ውሃ ውስጥ ይወድቃል። እንቁላሉ ውሃ ሲነካው ይፈለፈልና ትንሽ ዋናተኛ እጭ ይወጣዋል። ይህ እጭ ዕድሜው ከአንድ ቀን ብዙ አያልፍም፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ለእሱ የሚሆን ቀንድ አውጣ ካላገኘ አለቀለት። ካገኘ ግን ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ አንድ ሆኖ የገባው፣ ከሳምንታት በኋላ በሺዎች ሆኖ ይወጣል። አሁን ቅርጹ ሌላ ነው፤ ጫፉ እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ጅራት አለው። ሰርካሪያ ይሉታል። ከቆዳ የሚወጣውን ቅባት እየተከተለ የዳክዬዋን እግር በስቶ ይገባል፤ ክቡም ይዘጋል። ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ዝርያ ደግሞ በደም ሥር መሄዱን ትቶ በነርቭና በኅብለ ሰረሰር አድርጎ ወደ ወፏ አፍንጫ ይጓዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው የተገለጸው። መምህራኖቻችን ስለ እሱ ሲያስረዱን እንኳ አፍንጫችንን ዳሰስን።

ታዲያ በዚያ ውሃ ውስጥ አንድ ልጅ ቢገባስ? ሰርካሪያው የልጁን እግር ከዳክዬ እግር አይለየውም። ቆዳውን በስቶ ይገባል፤ ነገር ግን ቤት ተሳስቷል። በሰው አካል ውስጥ አድጎ እንቁላል ለመጣል አይበቃም፤ ቆዳው ውስጥ ይሞታል። የሚያሳክከውም ሰውነታችን ያንን እንግዳ ለማጥፋት የሚያደርገው ትግል ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ምልክቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን ሰውነት ጠላቱን እያወቀው ስለሚሄድ ሽፍታው ይበረታል። እንዳይመረቅዝ አለማከክ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ማስታገስ ይበቃል፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ይድናል። ጓደኛችን «በራሱ ይጠፋል» ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

እንግዲህ አገራችን ሚሺጋን ብትሆን ኖሮ ወሬው እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ግን የዳክዬው ትል የሥጋ ዘመድ አለው፤ ማደሪያውም ሰው ነው። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ አገኘውና ቢልሃርዚያ በስሙ ተጠራ። የአኗኗሩ ስልት ከላይ ካየነው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እንቁላል፣ ቀንድ አውጣ፣ ባለ መንሽ ጅራት ሰርካሪያ፣ ቆዳ። ልዩነቱ የቀንድ አውጣው ዝርያና፣ ዋናው ነገር፣ እንቁላሉን ውሃ ውስጥ የሚጥለው ማን ነው የሚለው ነው። እንቁላሉ የሚመጣው ከሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ ቆላማ ክፍል የሚገኘው ሌላው ዓይነት ደግሞ ከሽንት። ዳክዬዋ የሰውን ቢልሃርዚያ አታስተላልፍም። የአንጀቱ ቢልሃርዚያ በጣና፣ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዳርቻ፣ በወንጂ የመስኖ ቦዮችና በሌሎችም ብዙ ቦታዎች የታወቀ በሽታ ነው።

አስቸጋሪው ነጥብ ይሄውላችሁ፤ የሰው ቢልሃርዚያም ቆዳ በስቶ ሲገባ ሊያሳክክና ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል። ሽፍታውን በዓይን አይቶ «ይኼ የዳክዬ ነው፣ ያኛው የሰው ነው» ብሎ መፍረድ አይቻልም። የዳክዬው ቆዳ ላይ ሲቀር፣ የሰውየው ግን በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል፣ አድጎ በአንጀት ደም ሥሮች ይሰፍራል። የሚጥለው እንቁላል ግማሹ ወደ ውጭ ሲወጣ ግማሹ አንጀትና ጉበት ውስጥ ይቀራል። ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከዓመታት በኋላም የጉበት መጠጠርና የሆድ መነፋት ይከተላል። እንዲህ ያለ ሕመም በሚታወቅበት ሐይቅ ዳር ያለ መምህር «ከወፎች ነው» ብሎ ልጁን ወደ ቤቱ ከሰደደው፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ ማለት ነው።

ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል፤ ትሉ አድጎ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ከ5 እስከ 7 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ባሳከከው ማግስት የተመረመረ ዓይነ ምድር «ምንም የለም» ቢባል ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ቆይቶ መደገም ይኖርበታል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያደገውን ትል ይገድላል፤ በአገር አቀፍ ደረጃም በትምህርት ቤቶች በኩል የማደሉ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። ነገር ግን መድኃኒቱ ዳግመኛ ከመያዝ አይከላከልም፤ ዛሬ የዋጠ ነገ ቢዋኝ እንደገና ይያዛል። ከውሃ እንደወጡ በፎጣ ማሸት የዳክዬውን ማሳከክ ሊቀንስ ቢችልም ለሰው ቢልሃርዚያ መተማመኛ አይሆንም።

ከቀንድ አውጣው በኩል የተሞከረም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የምርምራቸው መነሻም ይኸው ሆነ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ሆኖም እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ዓሣ አጥማጅ በሚኖርበት ሐይቅ ዳር እንደፈለጉ የሚረጩት ነገር አይደለም።

ወፎቹን ፈጽሞ ንጹሕ ናቸው ለማለትም አልተነሣንም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ በተደረገ ጥናት፣ በዝይዎች ኩስ ውስጥ ሰውን የሚያስቀምጥ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ተሕዋስ ተገኝቷል። ዝይዎቹ ከተበከለ ቦታ ለቅመው ያሳለፉት እንጂ የታመሙበት አልነበረም። ለዚህ መድኃኒቱ የሐይቅ ውሃ ሳያፈሉ አለመጠጣት ነው።

ጓደኛችን በመጪው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ይመለሳል። በማኒላ ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሥሏል፤ በአንደኛው ዳክዬ፣ በሁለተኛው ልጅ፣ በሁለቱም ቀንድ አውጣ አለበት። በሁለተኛው ክብ፣ ከልጁ ወደ ሐይቁ በሚሄደው ቀስት ላይ ሽንት ቤት ሥሎ ቀስቱን በቀይ ቀለም ቆርጦታል። ሥዕሉ እስኪወሰድ ድረስ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ተለጥፏል፤ የሚታረም ያገኘ መምህር በእርሳስ ይጻፍበት።