ከማጨጃው በስተኋላ፦ የአዲስ ማሽን ብቃት በማሳ ላይ እንዴት ይፈተናል?



በዚህ በላንቻ፣ ከሕንፃና ከመኪና በቀር ማሳ በማይታይበት ስፍራ፣ ስለ አጨዳ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በዙሪያችን በየቤቱ የሚቆረሰው እንጀራ ጤፉ በአመዛኙ በማጭድ የታጨደ ነው። የአርሲና የባሌ የስንዴ ማሳዎች ከኮምባይነር ጋር ከተዋወቁ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ጤፍ ግን አሁንም በብዛት በእጅ ይታጨዳል፣ በአውድማ ላይም በበሬ ይበራያል። አዲስ የጤፍ ማጨጃ ማሽን በመጣ ቁጥር ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ለገበሬው ይበጃልን?

ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምንመለከተው ፍጥነትን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሜትር የተለካውን የመቁረጫ ስፋት በሰዓት በሚጓዘው ኪሎ ሜትር አባዝተን ለ10 እናካፍላለን። 1.4 ሜትር ስፋት ያለው ማሽን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ በሰዓት 0.42 ሄክታር ያጭዳል ማለት ነው። ይህ ግን የወረቀት አቅም ነው። ያው ማሽን በ5 ሰዓት ያጨደው 1.5 ሄክታር ከሆነ፣ እውነተኛ አቅሙ 0.3 ሄክታር፣ የሥራ ብቃቱም 71 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው ጊዜ በመዞር፣ እህል በማራገፍና የተጠቀጠቀ ገለባ በማጽዳት ያልቃል። ማሳው ጠባብ በሆነ መጠን መዞሩ ይበዛል።

ከፍጥነት ይልቅ የሚከብደው ብክነትን መለካት ነው። እህል በሦስት መንገድ መሬት ላይ ይቀራል፦ ማሽኑ ሳይደርስ ራሱ ይረግፋል፤ በመቁረጫው ሲመታ ይረግፋል፤ ከገለባና ከእብቅ ጋር ከማሽኑ በስተኋላ ይወጣል። የመጀመሪያው የማሽኑ ጥፋት ስላልሆነ አስቀድሞ ተለክቶ መቀነስ አለበት። ሦስተኛውን ለመለየት ከማሽኑ ኋላ ሸራ ይዘረጋል። ሸራውም የመቁረጫውን ስፋት ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይኖርበታል፤ ገለባው በመካከል ስለሚከማች ከአንድ ቦታ ብቻ የተወሰደ ናሙና ያሳስታል።

ከሄክታር 1 ኩንታል ባከነ እንበል። ይህ በካሬ ሜትር 10 ግራም ነው። ሺህ ፍሬው 40 ግራም የሚመዝን ስንዴ ከሆነ፣ በካሬ ሜትር 250 ፍሬ ተንበርክከን ልንቆጥር እንችላለን። ሺህ ፍሬው 0.3 ግራም ገደማ የሚመዝን ጤፍ ከሆነ ግን ከ33,000 በላይ ፍሬ ይሆናል፤ በአፈር ስንጥቅ ውስጥ ገብቶም ከዐይን ይሰወራል። ስለዚህ ለስንዴ የተዘጋጀ የመቁጠር ዘዴ ለጤፍ አያገለግልም፤ መሰብሰብ፣ መንፋትና መመዘን ግድ ነው።

በወጣትነቴ የሠራሁትን ስሕተት ልናዘዝ። ሁለት ማሽኖችን ሳወዳድር አንዱን በማለዳ፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ ፈተንሁ። ጠዋት እህሉ እርጥብ ስለነበር ከራሱ በቀላሉ አልለቀቀም፤ የመጀመሪያው ማሽን ደካማ መሰለኝ። እኔ የለካሁት ግን ማሽኑን ሳይሆን ጤዛውን ነበር። ከዚያ ወዲህ የእህሉን እርጥበት ሳልመዘግብ፣ ተራውንም ሳላፈራርቅ ፈትኜ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የኮምባይነር ኪራይ ብዙ ጊዜ በኩንታል ስለሚሰላ፣ አንቀሳቃሹ በሰዓት ብዙ ኩንታል ሲሞላ ገቢው ያድጋል። ስለሆነም ፍጥነት መጨመር ያጓጓዋል፤ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ብክነቱ ይጨምራል። መሬት ላይ የቀረው ኪሳራ የገበሬው ብቻ ነው፤ እርሱም አያየውም። ጭዱም ቢሆን ለከብቱ መኖ፣ ለቤቱ ጭቃ ማቡኪያ ነውና፣ የተበተነ ጭድ በፈተናው መዝገብ እንደ ኪሳራ ሊሰፍር ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ማሽን እንድትፈትኑ ስትላኩ ባለቤቱ የሞላውን ጆንያ ያሳያችኋል። ጆንያውን መዝኑ። ከዚያ ግን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ መሬቱን እዩ፤ ፍርዳችሁንም ከዚያ በኋላ ስጡ።