የወንድማማች ሙግት በችሎትና በሲኒማ

የውርስ ነገር ይዞ ለብዙ ዘመን በችሎት የቆመ ጠበቃ፣ ከሌላው የሙያ ባልደረባው ይልቅ ወንድማማቾችን ተካሰው የማየት ዕጣ ስለ ደረሰው፣ ማታ ከሥራ አርፎ ፊልም ለማየት በተቀመጠ ጊዜ እንኳ ቀን የለመደው ዓይን አብሮት ይቀመጣል። እኔም የወንድማማችን ታሪክ የሚተርኩ ፊልሞችን እጅግ እወዳለሁ፤ ነገር ግን የምመዝናቸው እንደ ሥነ ጥበብ ሐያሲ ሳይሆን እንደ ነገረ ፈጅ ነው፤ ይኸውም ደራሲው ወንድማማቾች የሚካሰሱበት ነገርና ከልባቸው የሚሹት ነገር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ተረድቶታል ወይስ አልተረዳውም እያልሁ ነው። አብዛኞቹ አልተረዱትም። ገንዘብ ያጣላቸዋል፣ ወይም አንዲት ሴት ታጣላቸዋለች፣ በመጨረሻም አንደኛው ሲሞት ሌላው ሬሳው ላይ ወድቆ ያለቅሳል፤ ይህ ግን ከጎረቤት ጠብ በምን ይለያል?

ሕጉ በበኩሉ ነገሩን አቅልሎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ሳይኖር የሞተ ሰው ልጆች እኩል ይካፈላሉ ብሎ ስለ ደነገገ፣ ታላቁ በበኵርናው፣ ታናሹም የእናቱ ብንያም በመሆኑ የሚያገኘው ብልጫ የለም። አጣሪ ይሾማል፣ ንብረቱ ይመዘገባል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ የተረፈው ይከፋፈላል። እንግዲህ በሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ሁሉ በአጭር ጊዜ በተዘጋ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቤቱንና ሱቁን በአንድ ቀን ውሎ ያለ ክፉ ቃል የተካፈሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ዋጋው ለጠበቃ አበል እንኳ በማይበቃ በአንድ የብራና ዳዊት ላይ ሲደርሱ ተፋጠው ቀሩ። መጽሐፉን ተቀብዬ ብገልጠው፣ በፊተኛው ቅጠል ላይ ሟቹ በገዛ እጁ የልጆቹን ልደት፣ ቀኑንና የክርስትና አባታቸውን ስም ጭምር ጽፎ አገኘሁ፤ የታላቁ ስም ነበረ፣ የእኅቶቻቸውም ነበረ፣ የታናሹ ግን አልነበረም። ታናሹ ዳዊቱን የፈለገው ሊደግምበት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ታላቁም ቢሆን ስሙ የሰፈረበትን ገጽ አሳልፎ ለመስጠት እጁ አልታዘዘለትም። «አባቴ አልጻፈኝም» የሚል ሰው በክስ ማመልከቻው ላይ ምን ዓይነት ዳኝነት ሊጠይቅ ይችላል? መጽሐፉ በመጨረሻ በሽማግሌዎች ምክር ለደብሩ ተሰጠ።

ይህን ምሥጢር ጠንቅቀው ካዩት ፊልሞች አንዱ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሪ ሌቪንሰን ያዘጋጀው «ሬይን ማን» ነው፤ መነሻውም ኑዛዜ ስለ ሆነ ጠበቃ ሁሉ ቢያየው አይጸጸትም። ቶም ክሩዝ የሚጫወተው ቻርሊ ባቢት፣ ለዓመታት ተኳርፎት የኖረ አባቱ ሲሞት፣ የ1949 ሞዴል ቢዊክ መኪናና የጽጌረዳ ተክሎች ብቻ ይደርሱታል፤ 3 ሚሊዮኑ ዶላር ግን መኖሩን እንኳ ለማያውቀው ታላቅ ወንድሙ ለሬይመንድ መጦሪያ በአደራ መቀመጡን ይሰማል። ሬይመንድ፣ ደስቲን ሆፍማን የሚጫወተው፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሆኖ በሲንሲናቲ በአንድ የመጦሪያ ተቋም ይኖራል። (በእኛ ሕግ አባት ልጁን ከውርስ ሲነቅል ምክንያቱን በኑዛዜው መግለጽ ይገባዋልና፣ የዚህን ኑዛዜ አንቀጽ ስሰማ ብዕር ለማንሣት ይዳዳኛል።) ቻርሊ ግማሹን ገንዘብ ለማስለቀቅ ወንድሙን እንደ መያዣ ዕቃ ይዞት ይሄዳል። ሆኖም ካደሩባቸው ማረፊያዎች በአንደኛው፣ የመታጠቢያውን ሙቅ ውኃ ሲከፍተው ሬይመንድ በድንጋጤ ይጮኻል፣ ራሱን ይደበድባል፤ ውኃው ሕፃኑን እንዳያቃጥለው ይለማመጣል። ሕፃኑ ቻርሊ ራሱ ነው። በልጅነቱ ሲፈራ ይዘፍንለት የነበረው፣ በኋላም የሕልም ጓደኛ ብቻ የመሰለው ሰው፣ ሕፃኑን ይጎዳዋል ተብሎ ከቤት የተሰደደ ወንድሙ እንደ ነበረ በዚያች ጠባብ ክፍል ወለል ላይ ይገለጥለታል። ከዚህ በኋላ 250,000 ዶላር ወስዶ እንዲተወው ሲጠየቅ እንቢ ይላል፤ ይህንንም ያደረገው ደግ ሰው ስለ ሆነ አይመስለኝም፤ ከአባቱ ቤት የጎደለበት ነገር ምን እንደ ነበረ ስላወቀ ገንዘቡ የማይገጥም ክፍያ ሆኖበት ነው።

የሕንድ ፊልም በሀገራችን ሲኒማ ቤቶች ብዙ ወዳጅ አለውና፣ ያሽ ቾፕራ በ1975 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን «ዲዋር»ን ያዩ አንባብያን አይጠፉም። ታላቁ ቪጄይ፣ አሚታብ ባቻን የሚጫወተው፣ አባቱ ሌባ ነው የሚል ጽሕፈት በክንዱ ላይ በግፍ የተነቀሰበት ልጅ ነው፤ ታናሹ ራቪ ይማር ዘንድ እርሱ በጉልበቱ ይሠራል፤ ጊዜ ሲያልፍ ታላቁ ኮንትሮባንዲስት፣ ታናሹ የፖሊስ መኮንን ይሆናሉ። «እርሱን ለማስተማር እኔ ከትምህርት ቀረሁ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ከታላላቅ ወንድሞች አፍ እንደ ሰማሁት! በማስረጃ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም፣ ደረሰኝም አይገኝለትም፣ ታናሹም አብዛኛውን ጊዜ ሲሰማው ይቆጣል፤ ምክንያቱም የማይከፈል ዕዳ ባለዕዳውን ያስቆጣዋል። ፊልሙ ግን ከሁለቱ ይልቅ በእናታቸው ላይ እጅግ ይበረታል። ኒሩፓ ሮይ የምትጫወታት ሱሚትራ፣ የራቪን ሽጉጥ በገዛ እጇ አንሥታ ትሰጠውና ወንድሙን እንዲያድን መርቃ ትሸኘዋለች፤ ከዚያም እርሷ ራሷ ያንኑ የሚታደነውን ልጇን ልትጠብቅ ወደ ቤተ መቅደስ ትሄዳለች። በልደታ ችሎት መተላለፊያ፣ የአንዱ ምስክር ሆና ተጠርታ ከሌላው ልጇ አጠገብ የምትቀመጥ እናት ያየ ሰው፣ ይህ ትዕይንት የተጋነነ ነው አይልም።

የሉኪኖ ቪስኮንቲን «ሮኮና ወንድሞቹ» በሚመለከት ከወዳጆቼ ጋር አልስማማም። ከደቡብ ኢጣሊያ ወደ ሚላኖ ከፈለሱት አምስት የፓሮንዲ ልጆች መካከል፣ ለወንድሙ ለሲሞኔ ሁሉን የሚተወውን፣ ዕዳውንም በቦክስ እየተደበደበ የሚከፍለውን ሮኮን እንደ ጻድቅ ያዩታል። እኔ ግን ሮኮ የተወው የራሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ አመሰግነው ነበር፤ እርሱ ናዲያ የተባለችውን ሴት፣ ዓይኑ እያየ ለደፈራት ወንድሙ መልሶ አሳልፎ ሰጠ፣ እርሷም በሲሞኔ እጅ ሞተች። በሰው ገላ የሚከፈል ምሕረት ምሕረት አይባልም። ወንድሙን ለፖሊስ የጠቆመው የአልፋ ሮሜዮ ሠራተኛው ቺሮ ለእኔ ከሮኮ ይበልጣል።

«ኦን ዘ ዋተርፍሮንት»ን ሁሉም ስለሚያውቀው ስለ ታክሲው ትዕይንት ብቻ አንድ ቃል ልናገር፤ ታላቁ ቻርሊ ሽጉጥ ሲመዝበት፣ ታናሹ ቴሪ አይሸሽም፣ አይታገልም፣ በእጁ ቀስ አድርጎ ገሸሽ ያደርገዋል። ከወንድም የመጣ ክፋት ከማስፈራቱ በፊት ያሳፍራል፤ ማርሎን ብራንዶም ይህን በእጁ ብቻ ተናገረው።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን ዴቪድ ሊንች በ1999 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ዘ ስትሬይት ስቶሪ» ነው፤ እርሱም በ1994 በእርግጥ በተደረገ ጉዞ ላይ የተመሠረተ ነው። አልቪን ስትሬይት የተባለ የ73 ዓመት አዛውንት ለ10 ዓመት ቃል ያልተለዋወጠው ወንድሙ መታመሙን ይሰማል፤ ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃድ ስለሌለው፣ ከአዮዋ እስከ ዊስኮንሲን ያለውን ከ380 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ፣ ተጎታች በቀጠለባት የሣር ማጨጃ መኪና ተቀምጦ ይጓዛል። የመጀመሪያዪቱ ማጨጃ መንገድ ላይ ስትቀርበት ወደ ቤቱ መልሶ በጠመንጃ ተኩሶ ያቃጥላታል፣ ሌላም ገዝቶ እንደ ገና ይነሣል። ሪቻርድ ፋርንስዎርዝ ይህን ሰው ሲጫወት በካንሰር ደዌ ተይዞ ስለ ነበር፣ በሁለት ምርኩዝ ሲራመድ የሚታየው ሥቃይ ትወና ብቻ አይደለም። በመንገድም ማጨጃውን የሚጠግኑለት ሁለት መንታ መካኒኮች ያለ ማቋረጥ ይነታረካሉ፤ አልቪን በመጀመሪያ ሒሳቡን ተከራክሮ ያስቀንሳቸዋል፣ ከዚያም ስለ ወንድምነት ይመክራቸዋል። ይህን ቅደም ተከተል የጻፈ ሰው ሽማግሌዎችን ያውቃል።

በእኛ ዘንድ አስታራቂ ሽማግሌ አስቀድሞ «ነገሩ ከምን ተነሣ?» ይላል፤ ችሎትም ጭብጥ ሳይይዝ ምስክር አይሰማም። በዚህ ፊልም ግን ጭብጥ ፈጽሞ አይያዝም። አልቪን በመቃብር ስፍራ አጠገብ ላገኘው ቄስ፣ የቃየንና የአቤልን ነገር አንሥቶ፣ ቍጣ፣ ትዕቢትና መጠጥ ተቀላቅለው እንዳለያዩዋቸው ብቻ ይነግረዋል፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደ በደለ አይሰማም። ሌላ ሰው በመኪና ላድርስህ ቢለው እንኳ በጀመረው መንገድ መጨረስ ፈልጎ አይቀበልም። በመጨረሻም ወንድሙ ላይል በብረት መደገፊያ እያዘገመ ከቤቱ ይወጣል፣ ማጨጃዋን ይመለከታል፣ እኔን ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ በዚህች ነው የመጣኸው ብሎ ይጠይቃል፣ አዎን የሚል መልስ ያገኛል፤ ሌላ ክርክር የለም። የሕግ ሰው እንደ መሆኔ ይህ መጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ነገር ግን ካሣውን አስቀድሞ ከፍሎ የመጣ ሰው፣ ያውም በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ የከፈለ፣ ጥፋተኛው ማን እንደ ነበረ የሚወስን ዳኛ ምን ያደርግለታል?

እንግዲህ ከወንድማችሁ ጋር የውርስ ክርክር የጀመራችሁ ወይም ለመጀመር የምታስቡ አንባብያን ሆይ፣ የውርስ ንብረት ይመለስልኝ ለሚል ክስ ሕጉ የሰጠው የይርጋ ጊዜ፣ ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መያዙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው፤ ይህ ፊልም ግን 112 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ቢቻል ወንድማችሁን ጠርታችሁ አብራችሁ እዩት፤ ከዚያ በኋላም መካሰስ ካሻችሁ፣ ጽሕፈት ቤቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው።