ሰማዳይ፦ የቀይ ባሕር ዶልፊኖች ማረፊያ

በግብፅ ደቡባዊ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከማርሳ ዓለም ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ግማሽ ክብ የሠራ የኮራል ሪፍ አለ። ስሙ ሰማዳይ ነው፤ አስጎብኚዎች «የዶልፊን ቤት» ይሉታል። ሪፉ ከውጭ የሚመጣውን ማዕበል ስለሚገታ በውስጡ ያለው ውሃ የተረጋጋ ነው፤ ወለሉም ነጣ ያለ አሸዋ ነው። ብዙ ጊዜ ማለዳ ላይ የዶልፊን መንጋ ከጥልቁ ባሕር ወደዚህ ይገባል። ከአውሮፓና ከሌላውም ዓለም የሚመጡ መንገደኞች በጀልባ የሚደርሱት ከእነዚህ ዶልፊኖች ጋር ለመዋኘት ነው። ዶልፊኖቹን ማንም አላሠለጠናቸውም፤ ማንም አይመግባቸውም፤ ሲሻቸው ይመጣሉ፣ ሲሻቸው ይሄዳሉ።

ዶልፊን በሳንባው የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። የሰማዳዮቹ ዝርያ ቀጠን ያለና አፈ ሹል ሲሆን ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ከዘመዶቹ የሚለየው በዝላዩ ነው፤ ከውሃው ተወርውሮ ይወጣና በአየር ላይ እንደ እንዝርት ይሾራል። በአንድ ዝላይ እስከ 7 ጊዜ መዞር ይችላል። ተመልሶ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ለመንጋው ምልክት ሳይሆን እንደማይቀር፣ አንዳንዴም ቆዳው ላይ የተጣበቀበትን ዓሣ ለማራገፍ እንደሚዘል ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

እንስሳው የሚሠራው ሌሊት ነው። ቀን ከጥልቅ ውሃ ሥር የሚደበቁ ትናንሽ ዓሦች፣ ስኩዊዶችና ሽሪምፖች ሲጨልም ወደ ላይ ይወጣሉ። ዶልፊኖቹም በጨለማ ድምፅ እየለቀቁ፣ የሚመለሰውን ማሚቶ እያዳመጡ ያድኗቸዋል። ሲነጋ ደክመዋል። ሻርክ በቀላሉ የማይደበቅበትን አሸዋማ ወለል ፈልገው ይገባሉ፤ ተጠጋግተው፣ አብረው እየጠለቁ፣ አብረው ለመተንፈስ እየወጡ ቀስ ብለው ይዋኛሉ። እንቅልፋቸው ይኸው ነው። ዶልፊን ትንፋሹን ራሱ መቆጣጠር ስላለበት እንደ ሰው ጨርሶ አያሸልብም፤ የአንጎሉ ግማሽ ሲያርፍ ሌላው ግማሽ ይነቃል። በሃዋይ የባሕር ወሽመጦች ይህንኑ ዝርያ ለዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ኬኔት ኖሪስ እንዳስተዋለው፣ በዕረፍት ሰዓት ማሚቶ የሚፈልገው ድምፃቸው ይቀንሳል፤ አካባቢያቸውን የሚጠብቁት በዓይናቸው ነው።

እንግዲህ ጎብኚው የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው። ውሃው ውስጥ ዘሎ የሚገባው ሰው ክፉ ሐሳብ የለውም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ እንስሳውን ከልብ የሚወዱ ናቸው። ግን አንዱ ዘሎ ሲገባ መንጋው አቅጣጫ ይቀይራል፤ አምሳው ሲከተል ዕረፍቱ ይቋረጣል። ሲመሽ ደግሞ አደኑ ይጠብቃል፤ የሚያጠቡ እናቶችም በመንጋው ውስጥ አሉ።

ሰማዳይ እ.ኤ.አ. በ2003 በዚህ ጫና ውስጥ ነበር። በማርሳ ዓለም ሆቴሎች ሲበዙ ጀልባዎች በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያመጡ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ባለሥልጣናቱ ቦታውን ለጎብኚ ዘጉት፤ በጥር 2004 አዲስ ሥርዓት አብጅተው ከፈቱት። በዚያ ሥርዓት ሪፉ በተንሳፋፊ ምልክቶች ተከፋፈለ። መንጋው የሚያርፍበት የውስጠኛው ክፍል ለሰው ፈጽሞ ዝግ ሆነ። ቀጥሎ ያለው ለዋናተኛ ብቻ ተፈቀደ፤ ጀልባ አይገባበትም። ጀልባዎች ከዚያ ውጭ ይቆማሉ። የጎብኚው ቁጥር በቀን ከ200 እንዳያልፍ ተወሰነ፤ የጉብኝት ሰዓት ተገደበ፤ የመግቢያ ክፍያም ተጀመረ።

የሰማዳይ ትልቁ ቁም ነገር ያ የተዘጋው ክፍል ነው። ዋናተኛው መስመሩን አያልፍም፤ ዶልፊኖቹ ግን ሊያልፉት ይችላሉ። ስለዚህ መገናኘት አለመገናኘቱ በእነሱ ፈቃድ ነው። አንዳንድ ቀን ጎብኚው ከሩቅ ጀርባቸውን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ሌላ ቀን ጥቂቶቹ መስመሩን አልፈው በዋናተኛው ሥር ያልፋሉ፤ ጎኑን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ሰውየውን የሚመለከትም አይጠፋም። ሳይባረር የመጣ እንስሳ የሚሰጠው ደስታ ተባርሮ ከተደረሰበት እጅግ ይበልጣል።

ሃዋይ ከዚህ የጠበቀ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ዳርቻ ከእነዚህ ዶልፊኖች ጋር መዋኘት ተከልክሏል፤ ሰውም ጀልባም ከ45 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ አይችልም። ኒውዚላንድም በ2019 በቤይ ኦፍ አይላንድስ ከሌላ የዶልፊን ዝርያ ጋር መዋኘትን አግዳለች።

ወደ ቀይ ባሕር የሚሄድ ሰው ጀልባ ከመከራየቱ በፊት ካፒቴኑን ጥቂት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ሞተሩ ከመንጋው ምን ያህል ርቆ ይቆማል? ዋናተኞች በመንጋው ፊት ይጣላሉ ወይስ ከጎን ርቀው ይገባሉ? ግልገል ከታየ ምን ይደረጋል? ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላም እጁን ሰብስቦ፣ ሳይንቦጫረቅ በውሃው ገጽ ላይ ይንሳፈፍ፤ አይንካቸው፣ አይመግባቸው። መንጋው ድንገት ከፈጠነ ወይም ጅራቱን በውሃው ላይ ከመታ ወደ ጀልባው ይመለስ።