ሐዘን የተቀመጠችው ሴት ያለችባት ዲናር

ወንጌል ያነበበ ሁሉ ዲናርን በስም ያውቃታል፤ በወይኑ ቦታ የዋሉት ሠራተኞች የቀን ሒሳብ አንድ ዲናር ነበር። ከብር የተሠራች፣ ስፋቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ክብደቷ ከ3 ግራም ጥቂት የሚያልፍ የሮም ገንዘብ ናት። እዚህ የምናስተዋውቃት ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወደቀችበት ሰሞን የተመታችውን ነው።

በአንዱ ገጽ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን አለ፤ የቅጠል አክሊል የደፋ፣ አንገተ ወፍራም ሽማግሌ። ቀራጩ ሊያቆነጀው አልሞከረም። ገልብጧት። ግንድ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ከጠላት የተማረከ ጥሩርና የራስ ቁር ተሰቅሏል። ከሥሩ አንዲት ሴት ራሷን በእጇ ደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከበታቿ በላቲን «ይሁዳ» የሚል ተጽፏል፤ ሐዘን የተቀመጠችው አገሪቱ ራሷ ናት።

ሥራው የእጅ ነው። የተመዘነ የብር ጥፍጥፍ በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል ገብቶ በመዶሻ ይመታል። መዶሻው ካዘነበለ ምስሉ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ስለዚህ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዲናሮች ማግኘት ዘበት ነው።

ቬስፓሲያን ከነገሥታት ዘር አልነበረም። በ69 ዓ.ም. አራት ሰዎች ተፈራርቀው ሲነግሡ አራተኛው እሱ ነው። ወገኑን ወግቶ ዙፋን የያዘ ሰው በዚያ ሊፎክር አይችልም፤ ልጁ ጥጦስ ኢየሩሳሌምን የያዘበት፣ ያመፁትን አይሁድ ለመደምሰስ የተደረገው ጦርነት ግን ለፉከራ ይመቻል። ጋዜጣ በሌለበት ዘመን ፉከራን ከገበያ እስከ ወታደር ሰፈር የሚያደርስ ደግሞ ከገንዘብ የተሻለ አልነበረም። ብልጠቱ ይገርመኛል፤ ጭካኔው ግን ይብሳል። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ከፈረሰ በኋላ አይሁድ ለእሱ ይከፍሉት የነበረውን ዓመታዊ ግብር፣ በነፍስ ወከፍ ሁለት ዲናር፣ ለሮማውያኑ ጣዖት ለጁፒተር እንዲገብሩ ተፈረደባቸው። የገዛ ሽንፈቱ የተቀረጸበትን ብር ቆጥሮ ያስረከበ አይጠፋም።

አይሁድ በ132 ዓ.ም. በባር ኮክባ መሪነት በሮም ላይ ዳግም ሲነሡ መልሱንም በገንዘብ ሰጡ። ሳንቲም ለማውጣት ብር አላቀለጡም፤ የሮምን ሳንቲም ወስደው በላዩ የራሳቸውን ምስል መቱበት፦ የወይን ዘለላ፣ በገና፣ መለከት፣ በጥንታዊው የዕብራይስጥ ፊደል «ለኢየሩሳሌም ነፃነት» የሚል ጽሑፍ። አንዳንዱን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ብታዩት ከአዲሱ ምስል ሥር የቄሣሩ መልክ ወይም የላቲን ፊደል ርዝራዥ ብቅ ይላል። ዓመፁ በ135 ዓ.ም. ተደመሰሰ።

ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የምትሄዱ፣ በየሱቁ «የጥንት ነው» ተብሎ ለሚቀርብላችሁ ሳንቲም ቶሎ ገንዘብ አታውጡ፤ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። እውነተኛው ደግሞ ያለ እስራኤል የቅርሶች ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም።